«በዚህ ቀፎ አታንሺን»

ደብዳቤው የመጣው ከደሴ ነው። የጻፈችው የ27 ዓመት ወጣት ናት፤ ሰኞ ገበያ አካባቢ የባህል ልብስ ትሰፋለች። ረጅም ስለሆነ አሳጥሬ አቀርበዋለሁ፦

«ባለፈው ወር የጓደኛችን ሰርግ ሐይቅ ከተማ ነበር። የስድስቱንም ሚዜዎች ቀሚስ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ሐይቁ ዳር ቆመን ፎቶ ልንነሳ ስንል ስልኬን አወጣሁ። ቴክኖ ነው፣ ሦስት ዓመት ሆኖታል፣ ጥጉ ተሰንጥቋል፣ ሁልጊዜ ‹ሞልቷል› ይለኛል። አንዷ ጓደኛዬ ‹አንቺ ተይው፣ በዚህ ቀፎ አታንሺን፣ ጭቃ አድርገሽ ነው የምታወጪን› አለች። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

አሁን እቁቤ ሊወጣልኝ ነው፤ 80 ሺህ ብር። ፒያሳ አንድ ሞባይል ቤት ዩዝድ አይፎን 13 በ78 ሺህ አይቻለሁ። እናቴ ጠርዝ የሚጨርሰውን ማሽን፣ ኦቨርሎክ፣ ግዢበት ትለኛለች። እውነቷን ነው፣ የቀሚሱን ጠርዝ ለማስጨረስ ጎረቤት እየወሰድኩ ለአንዱ 50 ብር እከፍላለሁ፤ በወር ከ40 ቀሚስ አያንስም። ሳውዲ ያለው ወንድሜ ደግሞ ‹አይፎን ከያዝሽ ሌላ አያምርሽም› ይላል። የምሰፋው እናቴ በገዛችው የእግር ሲንጀር ነው፣ የምሸጠው በቴሌግራም ነው፤ ስለዚህ ፎቶ ያስፈልገኛል። ግን እውነቱን ልንገርዎት፣ የምገዛው ለፎቶው ይሁን ለዚያች ልጅ አፍ እኔም አላወቅሁትም።»

እህቴ፣ አብሽሪ።

ይህን ጥያቄ ራሱን የሚጠይቅ ሰው ብሩን ሜዳ ላይ አይበትንም። ስለዚህ ልቆጣሽ አልተነሳሁም። አብረን እናስላው።

መጀመሪያ ግን ያ ሳቅ። ጓደኛሽ ያን ስትል የለበሰችው ያንቺን ቀሚስ ነው። ወገቡን የለካሽው፣ ጥበቡን የገጠምሽው፣ እጅጌውን ሁለቴ ፈትተሽ የመለስሽው አንቺ ነሽ። (ሁለቴ መፍታትሽን ገምቼ ነው። እህቴም ልብስ ሰፊ ነበረች።) ለመሆኑ ቀሚሱን ስትረከብ «በምን ማሽን ነው የሰፋሽው?» ብላ ጠይቃሻለች? መስታወት ፊት ቆማ ዞር ዞር ብላ አየችው፣ ልኳ ሆነ፣ ወሰደችው። ልብስሽን የመዘነችው በልብስነቱ ነው። ስልክሽን ግን የመዘነችው በጀርባው ነው። ይህ ልዩነት ለምን እንደመጣ ማሰብ ከጀመርሽ የ78 ሺህ ብሩ ነገር ራሱ ይቀልሻል።

አንቺ ራስሽም እኮ የብራንድ ሰው ነሽ። ሲንጀሩን በስሙ ነው የጠራሽልኝ፤ «የልብስ ስፌት ማሽን» ብቻ ብለሽ አላለፍሽውም። ሲንጀር እ.ኤ.አ. ከ1851 ጀምሮ ያለ ስም ነው። እናትሽ ግን ያመኑት ዕድሜውን ቆጥረው አይመስለኝም። መርፌው ሲሰበር ገበያ ይገኛል። ቀበቶው ሲላላ የሚያጠብቀው ሰው ሰፈር ውስጥ አለ። ዘይት ጠብ ካደረጉበት ይሄዳል። መብራት ቢጠፋ እንኳ እግር ካለ ይሠራል። ያ ማሽን እናትሽ ዘንድ እምነት ያገኘው ዓመት ሙሉ እየሰፋ ነው። እንዲህ ያለውን ታማኝነት እኔ ሞኝነት አልለውም። የአይፎኑ ፍቅርሽ ግን ገና እጅሽ ያልገባ ዕቃ ላይ ያረፈ ነው። ግማሹን ከወንድምሽም ከጓደኛሽም ዓይን ነው የተዋስሽው።

እኔም ነፃ አይደለሁም። የኖኪያ አምላኪ ነበርኩ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ባለባትሪዋን ኖኪያ 1100 የያዘ ሰው ሌላ ምን ይፈልጋል? መብራት ሲጠፋ ግንባሯ ላይ ባለችው ባትሪ ራት እንበላ ነበር። ከደረጃ ወድቃ ሦስት ቦታ ትበተናለች፤ ለቅመን ስንገጥማት ትበራለች። ይህች ስልክ እ.ኤ.አ. በ2003 ወጥታ በዓለም ላይ ከ250 ሚሊዮን በላይ ተሸጣለች። ፍቅሩ ያለ ምክንያት አልነበረም ማለቴ ነው።

ጥፋቱ ከዚያ በኋላ ነው። ዓለም ሁሉ በጣት ወደሚነካ ስልክ ሲሄድ እኔ «ኖኪያ ካልሆነ አልይዝም» ብዬ ቀረሁ። እ.ኤ.አ. በ2014 ኩባንያው የስልክ ሥራውን ለማይክሮሶፍት ሸጠ። ከ2016 በኋላ ደግሞ በዚያ ስም ስልክ የሚያወጣው ኤችኤምዲ የሚባል ሌላ ኩባንያ ሆነ። እኔ ምንም ሳላውቅ ያንኑ ስም እያየሁ እገዛለሁ። ዕቃውን የሚሠራው ቤት ተለዋውጦ፣ እኔ ጋ የቀረው ሦስት ፊደል ብቻ ነበር። ሰው ሌላ ስልክ ሲያመጣ ደግሞ እሟገታለሁ! ለኖኪያ ጥብቅና ስቆም ኩባንያው ያወቀኝ ይመስል።

ኩባንያ ቅሬ (ዕድር) አይደለም። ስትታመሚ አይጠይቅሽም፤ ሐዘን ቢደርስብሽ ድንኳን አይተክልልሽም። የሸጠልሽ ዕለት ሒሳባችሁ አልቋል።

ስለ ስም ካነሳን ይህንንም ስሚ። ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስና አይቴል የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ኩባንያው ትራንሽን ይባላል፤ መቀመጫው ቻይና፣ ሼንዘን ነው። ከሚዜዎቹ መካከል ኢንፊኒክስ ይዛ በቴክኖሽ የሳቀች ካለች በገዛ ስልኳ ወንድም ነው የሳቀችው። አንድ ጎረቤት አለኝ፤ «ሳምሰንግ ቤቴ አይገባም» ይላል፣ የጄቢኤል ስፒከሩን ግን እንደ ልጁ ነው የሚያቅፈው። ጄቢኤል የሃርማን ነው፤ ሃርማንን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 የገዛው ሳምሰንግ ነው። እስካሁን አልነገርኩትም። ደስታውን ለምን አበላሻለሁ።

አሁን ወደ አይፎኑ። ላጣጥልብሽ አልፈልግም፤ ጥሩ ስልክ ነው። ቪዲዮው ረጋ ያለ ነው፣ እየሄድሽ ብታነሺ እንኳ አይንቀጠቀጥም። ለዓመታት ማሻሻያ ያገኛል፤ አይፎን 13 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው፣ በ2025 የወጣውን የአይፎን ሶፍትዌር፣ አይኦኤስ 26ን፣ ግን ይቀበላል። ስትሸጪውም ዋጋው እንደ ሌሎቹ ቶሎ አይወርድም። ወንድምሽ ዝም ብሎ አይደለም የሚያወራው።

ያም ሆኖ አፕልም ነጋዴ ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2017 ባትሪያቸው የደከመ ስልኮችን በሶፍትዌር እንደሚያቀዘቅዝ አመነ። ስልኩ ድንገት እንዳይጠፋ ብዬ ነው አለ። ለባለቤቱ ግን አስቀድሞ በግልጽ አልተነገረውም፤ «ስልኬ አረጀ» ብሎ አዲስ የገዛው ስንቱ ነው። በመጨረሻ ይቅርታ ጠየቀ፣ የባትሪ መቀየሪያውንም ከ79 ዶላር ወደ 29 ዶላር አወረደው። ለካ አዲስ ስልክ የሚያስፈልገው የመሰለው ሁሉ የሚያስፈልገው ባትሪ ነበር።

እንግዲህ ሥራሽን እንየው። ቀሚስ ታነሻለሽ። ቴሌግራም ላይ ትለጥፊያለሽ። ደንበኛ በቴሌብር ቀብድ ይልክልሻል። ልኬት በድምፅ ይመጣልሻል። ለኔ እንደገባኝ ስልክሽ ይህን ነው የሚሠራው።

ሁለት ሲም የምትይዢ ከሆነ ልብ በይ። አብዛኛው አይፎን 13 የሚያስገባው አንድ ሲም ነው፤ ሁለተኛው ኢሲም፣ ማለትም ያለ ካርድ ስልኩ ውስጥ የሚጫን ሲም፣ መሆን አለበት። ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩት ደግሞ ከአይፎን 14 ጀምሮ የሲም ማስገቢያ ጭራሽ የላቸውም። ዘመድ ከአሜሪካ ስልክ ሲልክ ይህን የሚያስብ የለም፤ እዚህ ደርሶ ነው ቀዳዳው የሚፈለገው። ቻርጀሩም አለ። የአይፎን 13 ቀዳዳ የራሱ ብቻ ነው፤ ወደ ታይፕ ሲ የተቀየረው ከ15 ጀምሮ ነው። ባትሪሽ ሊያልቅ ሲል ከጎረቤት ሱቅ የምትበደሪው ገመድ አይገባበትም። ትንሽ ነገር ይመስላል። ደንበኛ ቀብድ ልልክ ነው ብላ ስልክሽ ሲጠፋ ግን ትንሽ አይደለም።

ካሜራውን በወሬ ልነግርሽ አልፈለግሁም። ስለዚህ ባለፈው ሳምንት ሞከርኩት። ከባለቤቴ ሳጥን ቀይ ጥለት ያላት ነጭ ነጠላ ይዤ የማውቀው ልጅ ሞባይል ቤት ሄድኩ። ቀኑ ጭጋግ ነበር፤ ከጦሳ ተራራ ወርዶ መንገዱን ሁሉ ሸፍኖታል። ደሴ ልብስ ፎቶ ማንሳት የሚያስቸግርበት ብርሃን ማለት ይኸው ነው። ልጁ አይፎን 13፣ አንድ የሳምሰንግ ኤ ሲሪስ እና ያንቺን የሚመስል ቴክኖ አወጣልኝ። ነጠላዋን በሩ ላይ ሰቅለን በሦስቱም አነሳናት። ከዚያ ፎቶዎቹን ኮምፒውተር ላይ ደረደርናቸው፣ የትኛው የማን እንደሆነ ሳንጽፍ። ከጎን ያለችውን ነጠላ ነጋዴ ጠራናት።

እጇን አገጯ ላይ አድርጋ አየች። የአይፎኑንና የቴክኖውን «ያው ናቸው» አለች። ሳምሰንጉን «ቀዩ በዝቷል፣ ጥለት እንዲህ አይቀላም፤ ከደንበኛ ያጣላል» አለች። ከሱቁ ውስጥ በአንድ አምፖል ያነሳነውን ስናሳያት ግን ወዲያው ለየች። የቴክኖው ላይ የጥለቱ ክር እርስ በርሱ ተጣብቋል። «ይቺ ታጥባለች» አለች። የለቀቀ ቀለም መስሏት ነው። የአይፎኑ ክር በክር ይታያል። ቪዲዮውማ ጥያቄም የለው፣ አይፎኑ በለጠ። ልጁ «አልነገርኩህም?» ብሎ ተፍለቀለቀ።

ውጤቱን እንዳለ ነው የነገርኩሽ። በር ላይ፣ በቀን ብርሃን፣ ዓይኗ የሠለጠነ ነጋዴ የ78 ሺህውን ስልክ ከርካሹ አልለየችም። ውስጥ፣ በጨለማ፣ ለየች። አንቺ ቀሚስሽን የምታነሺው የት ነው?

ደግሞ ነጭ ልብስ ለማንኛውም ካሜራ አስቸጋሪ ነው። ካሜራ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ብርሃን ሊያመጣው ይሞክራል። ፊት ለፊቱ ያለው ሙሉ ነጭ ከሆነ «ብርሃን በዝቷል» ብሎ ያጠቁረዋል። ነጠላው አመድ የሚመስለው ለዚህ ነው፤ ጓደኛሽ ጭቃ ያለችውም ይህን ሊሆን ይችላል። መላ አለው። ልብሱ ያለበትን ቦታ በጣትሽ ንኪ። ትንሽ የፀሐይ ምልክት ይመጣል፤ ወደ ላይ ሳቢው። ነጩ ነጭ ይሆናል። ቴክኖሽም ላይ ይሠራል። ሌንሱንም ጥረጊ፤ የክር ብናኝና የእጅ ቅባት ተጋግሮበት እንደሚውል በእህቴ ስልክ አውቀዋለሁ። ለደንበኛ ስትልኪ ደግሞ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኪው፤ ቴሌግራም ፎቶን ጨምቆ ነው የሚያሳልፈው፣ ፋይሉን ግን እንዳለ ያደርሰዋል። ለዚህ ሁሉ አምስት ሳንቲም አታወጪም።

ሌላ ስልክ ለማየት ከሄድሽ ካርቶን አያታልልሽ። ከጀርባው ሦስት ዓይን ያለው ርካሽ ስልክ ብዙ ጊዜ የሚሠራበት አንዱ ዓይን ነው፤ የቀሩት 2 ሜጋፒክስል የሆኑ ጌጦች ናቸው። በትልቁ «50 ሜጋፒክስል» ቢጻፍም አይፎን 13 በ12 ሜጋፒክስል ይበልጠዋል፤ ቁጥሩ ብቻውን ፎቶ አያነሳም። «8 ጂቢ ራም» (ስልኩ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ) የሚለውንም ጠጋ ብለሽ አንብቢው። ከሥሩ በደቃቁ 4+4 ተጽፎ ታገኛለሽ። አራቱ እውነተኛ ራም ነው። የቀረው አራት ከማከማቻው የተበደረ ነው፣ ፍጥነቱም ከራም ጋር አይገናኝም። ብድር መሆኑን ግን በትልቁ አይጽፉትም። ሻጩ «ይሄ ቀፎ ያስከብርሻል» ካለሽ ደግሞ ስንት ዓመት ማሻሻያ ያገኛል ብለሽ ጠይቂው። ዝም ካለ መልሱን አገኘሽ። ለምሳሌ ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጣውን ኤስ24 ለ7 ዓመት፣ ዋጋው ረከስ ያለውን ጋላክሲ ኤ16 ደግሞ ለ6 ዓመት እንደሚያሻሽል ቃል ገብቷል። ማሻሻያ ያቆመ ስልክ የባንክና የክፍያ መተግበሪያዎችን አንድ ቀን እምቢ ማለቱ አይቀርም። ላንቺ ይህ ከጀርባው ምልክት ይበልጣል።

«ይህን ሁሉ ሰምቼ አሁንም ልቤ አይፎኑ ላይ ነው» ልትይኝ ትችያለሽ። ይሁን። ባቲ ሰኞ ገበያ ግመል ሲገዛ አይተሽ ታውቂያለሽ? ገዢው አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል። ያስነሳዋል፣ ያስተኛዋል፣ ያስኬደዋል። ከየት እንደመጣ ይጠይቃል። ሻጩ አይከፋውም፤ ወጉ ነው። አንቺም ሞባይል ቤት ገብተሽ አትፈሪ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ሴቲንግ ውስጥ ባትሪውን እዪ። አፕል እንደሚለው የአይፎን 13 ባትሪ 500 ጊዜ ሙሉ ቻርጅ ከተደረገ በኋላ 80 ከመቶ አቅሙን እንዲይዝ ነው የተሠራው። ከ80 በታች ከሆነ የባትሪ ዋጋ ይቀነስልሽ። 100 ካየሽ ደግሞ አትደሰቺ፤ ዓመታት ያገለገለ ስልክ 100 የሚለው ባትሪው ቢቀየር ነው። በማን እና በምን ተቀየረ? «ጀነራል» ከዚያ «አባውት» ስትገቢ ባትሪው፣ ስክሪኑ ወይም ካሜራው ተቀይሮ ከሆነ ይጽፍልሻል። *#06# ብለሽ ደውዪ፤ የሚመጣው ቁጥር እዚያው «አባውት» ውስጥ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት።

ከሁሉ በላይ ግን የቀድሞ ባለቤቱ አካውንት ነው። ሻጩ ዓይንሽ እያየ ስልኩ ውስጥ ያለውን ሁሉ ይደምስሰውና እንደ አዲስ ይክፈተው። የሌላ ሰው የአፕል አካውንት ከጠየቀ ተነስተሽ ውጪ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለወንድሜ ልጅ የገዛሁት ስልክ እንዲህ ሆነብኝ። መልሼ ስወስደው ሻጩ «ነገ እናስከፍተዋለን ጋሼ፣ ቀላል ነው» አለኝ። ያ ነገ እስካሁን አልነጋም። ስልኩ አሁን ጠረጴዛዬ ላይ የወረቀት መጫኛ ነው፤ ይህን ደብዳቤሽንም እሱ ነው የያዘልኝ።

ወደ ሒሳቡ እንምጣ። 78 ሺህ ስትከፍዪ በእጅሽ 2 ሺህ ይቀርሻል። የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የስልክ ዋጋ የት እንደደረሰ ታውቂዋለሽ፤ ስክሪን ሲሰበርም መቀየሪያው በዚያው ልክ ነው። ያ 2 ሺህ ስክሪን አያስገዛም። በሌላ በኩል ጠርዝ ለማስጨረስ በቀሚስ 50 ብር፣ በወር 40 ቀሚስ፣ ይህ 2 ሺህ ብር ነው። በዓመት 24 ሺህ። የጎረቤት ሱቅ በየዓመቱ ካንቺ እጅ 24 ሺህ ብር ይወስዳል። ለመውሰድና ለመመለስ የሚጠፋው ቀንሽ አልተቆጠረም። እናትሽ ኦቨርሎክ ሲሉሽ ይህን በጣታቸው ቆጥረው ይመስለኛል።

ስለዚህ እኔ ባንቺ ቦታ ብሆን ኦቨርሎኩን አስቀድማለሁ። ዋጋውን አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ከተረፈሽ ከእቁቡ ግማሽ በታች የሆነ፣ አዲስ፣ ደረሰኝና ዋስትና ያለው፣ ብዙ ዓመት ማሻሻያ የሚያገኝ ስልክ እገዛለሁ። 128 ጂቢ ይሁን፤ «ሞልቷል» ማለቱ ይብቃው። ካልተረፈሽ ቴክኖሽን አጽጂው። የቆዩ ቪዲዮዎችና የቴሌግራም ፋይሎች ሲወጡ እንዴት እንደሚተነፍስ ታያለሽ። ስትገዢም ስሙ ቴክኖ ሆነ ሳምሰንግ ግድ የለኝም። ነጠላሽን ይዘሽ ሂጂ፣ በር ላይም ውስጥም አንሺ፣ ያየሽውን እመኚ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሥራሽ በየቀኑ ቲክቶክ ላይ ቪዲዮ መለጠፍ ቢሆን፣ ደንበኛሽም ከዚያ የሚመጣ ቢሆን ኖሮ «አይፎኑን ውሰጂ» እልሽ ነበር። ያኔ ስልኩ እንደ ማሽኑ የሥራ ዕቃሽ ነው። ወደፊት እዚያ ትደርሺ ይሆናል። ያኔ ግን ስልኩን የሚገዛልሽ ስልኩ ያመጣው ብር ይሁን።

ክብር ምንም አይደለም ደግሞ አልልሽም። ወሎ ውስጥ ተወልዶ ክብርን የሚንቅ ማን አለ? እንግዳ ሲመጣ ቤት የምናጥነው፣ ጥሩውን ሲኒ የምናወጣው ለክብር ነው። ደንበኛ ስትገባ ጠረጴዛሽ ላይ ያለው ዕቃም የሚናገረው አለ። ሆኖም ልብስ ሰፊ ቤት የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያየው የለበስሽውን ነው። ለራስሽ አንድ ቆንጆ ቀሚስ ስፊ። ስንት ልብስ ሰፊ አውቃለሁ፣ የራሷ ቀሚስ ሁልጊዜ ሳይጨረስ የሚያድር።

ጓደኛሽን በተመለከተ፣ ቂም አትያዢ። እሷም ያን ስልክ በስንት ወር ደሞዝ እንደገዛችው ማን ያውቃል። ብዙ የከፈለ ሰው ዕቃውን ማሞገስ ያበዛል፣ የሌላውንም ማጣጣል ይወዳል፤ ካልሆነማ ለምን ያን ሁሉ ከፈልኩ ብሎ ራሱን ሊጠይቅ ነው። እኔ በኖኪያዬ ዘመን እንዲያ ነበርኩ። አንድ ቀን ቡና አፍልተሽ ጥሪያት። አቦሉ ላይ አታንሺው፣ ስለ ሰርጉ አውሩ። ቶናው ሲቀዳ «ያን ቀን ሐይቅ ላይ ያልሽው አሳዝኖኝ ነበር» በያት። በረካ ሳይደርስ ያልቃል። ካላለቀም ቢያንስ ሰምታሻለች።

ወንድምሽ ደግሞ አይፎንን ይህን ያህል ከወደደ ሲመጣ የራሱን አሮጌ ይዞልሽ ይምጣ። እሱ አዲስ ይግዛ። አካውንቱን ግን አውጥቶ።

ኦቨርሎኩን ከጥር በፊት ግዢው። ሰርጉ ሁሉ የሚደራረብብሽ ያኔ ነው፣ ጎረቤትሽም ወረፋ ይዞብሻል።